ቃሉን የሚያውቀው ሰው ኮዱን አይከፍትም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጅማ ውስጥ የሞባይል አፕ ለሚሠሩና ገና ለሚማሩ ወጣቶች ያወራሁት ነው። የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ ጻፍኩት። «እእእ» ያልኩበትን አውጥቻለሁ። ከአዳራሹ የመጣውን ጥያቄ ግን በመጣበት ቦታ ትቼዋለሁ።

*

እንደምን አደራችሁ። አካም ቡልተን።

አያችሁ፣ ገና ሳልጀምር ሁለት ጊዜ ሰላም አልኩ። ግማሻችሁ ለአንደኛው መለሰ፣ ግማሻችሁ ለሌላው፣ ከኋላ ያላችሁት ለሁለቱም። ጅማ እንዲህ ናት። ጠዋት በአንዱ ቋንቋ ተጣልቶ ከሰዓት በሌላው የሚታረቅ ሰው ሞልቶባታል። የምንሠራቸው አፖች ግን አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚያውቁት። እሱንም አንዳንዴ በደንብ አይችሉትም።

ዛሬ የማወራው ስለ ትንሽ ነገር ነው። የስክሪኑ ገጽታ በሚሠራበት ሌይአውት ፋይል ውስጥ በእጃችን ጽፈን ስለምንተዋት ጽሑፍ። ቁልፍ ላይ ያለችው «መዝግብ»፣ ከሳጥኑ በላይ ያለችው «ስልክ ቁጥር»፣ ከታች ብቅ ብላ የምትጠፋው «ተሳክቷል»። ሃርድኮድ የምንለው ይሄን ነው። ጽሑፉ ከኮዱ ጋር ተጣብቆ ደርቋል፤ ድስት ላይ እንዳደረ ገንፎ።

አንድ ጓደኛዬ ርዕሱን ሲሰማ «ለዚህ ብለህ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋው ታስነሳለህ?» አለኝ። አዎ፣ አስነሳለሁ። ምክንያቱን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ አፕ ሠራሁ። ስሙ ይቆየን። ሥራው ቀላል ነው። ገበሬው ቡና ይዞ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ የመዘነው ልጅ ስልኩ ላይ ስም፣ የቡናውን ዓይነት፣ ኪሎና ዋጋ ይመዘግባል። ማታ ነጋዴው ድምሩን ያያል። ከዚያ በፊት በደብተር ነበር። ደብተር ደግሞ ከጅማ ዝናብ ጋር አይስማማም።

ጽሑፉን ሁሉ በቀጥታ ሌይአውቱ ላይ ጻፍኩት። አፕ የምንጽፍበት ፕሮግራም፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ፣ በየመስመሩ ቢጫ ምልክት አደረገብኝ። «ይሄ ጽሑፍ ሃርድኮድ ነው፣ ስትሪንግ ሪሶርስ ተጠቀም» ይላል፤ ጽሑፉን ለብቻው ፋይል ውስጥ አስቀምጥ ማለቱ ነው። እኔ ቢጫውን የማየው እንደ ባጃጅ ጡሩምባ ነበር። ሁሌ ይጮሃል፣ ማንም ዘወር አይልለትም። አፑ ይሠራል አይደል? በቃ።

በሁለተኛው ወር ነጋዴው «ኦሮምኛም ይኑረው» አለ። ልክ ነው። ከሚመዝኑት ልጆች አብዛኞቹ የሚጽፉት በቁቤ ነው። ገበሬውም ስክሪኑን ልይ ሲል የሚያነበው በቁቤ ነው። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? የሌይአውት ፎልደሩን ኮፒ አደረግኩት።

አትሳቁ። አንድሮይድ ይፈቅዳል። የፎልደሩ ስም ላይ ሰረዝ አድርጋችሁ የቋንቋውን ኮድ ብትጨምሩ፣ ስልኩ ኦሮምኛ ላይ ሲሆን ያንኛውን ሌይአውት ይከፍታል። 19 ፋይል ነበር። 19ኙንም ኮፒ አድርጌ ጽሑፉን አንድ በአንድ ቀየርኩ። ሠራ። ነጋዴው ደስ አለው፣ ቡና ተፈላ፣ እኔም ራሴን አደነቅኩ።

ጉዱ የፈላው ከሁለት ወር በኋላ ነው። «ገበሬው ቅድሚያ የወሰደው ብር የሚገባበት ሳጥን ጨምርልኝ» አለኝ። ጨመርኩ፤ አማርኛው ላይ። ኦሮምኛው ላይ ረሳሁት። ኮዱ ሳጥኑን በስሙ ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ አፑ ድርግም ብሎ ይዘጋል። የሚዘጋው ግን ስልካቸውን ኦሮምኛ ያደረጉት ልጆች ጋ ብቻ ነው። እኔ ስልክ ላይ ምንም የለም። ነጋዴው ሲደውል «ስልካቸው አሮጌ ሆኖ ነው» አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ስልክ ስወቅስ ቆየሁ። ከሦስቱ ቀን አንዱ ሐሙስ ነበር። የጅማን የሐሙስ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነጋዴው ምን እንዳለኝ ይገምታል። እዚህ አልደግመውም።

መፍትሔው አጭር ነው። ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ሪስ የሚባል ፎልደር አለ። በውስጡ ቫልዩስ አለ፣ በእሱ ውስጥ ስትሪንግስ የሚባል ኤክስኤምኤል ፋይል። እያንዳንዱ ጽሑፍ እዚያ የራሱ መስመር አለው። መስመሩ ስም አለው፣ ይዘት አለው። ሌይአውቱ ላይ «መዝግብ» ብሎ መጻፍ ይቀርና @ ምልክት፣ ስትሪንግ፣ ስላሽ፣ ከዚያ የመስመሩ ስም ይገባል። ሌይአውቱ ቃሉን አያውቅም፤ የቃሉን አድራሻ ብቻ ነው የያዘው። ለኦሮምኛ ሌላ ቫልዩስ ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ሰረዝ፣ ከዚያ ኦ እና ኤም። ለአማርኛ ኤ እና ኤም። ለትግርኛ ቲ እና አይ። ለሶማሊኛ ኤስ እና ኦ። ሌይአውቱ አንድ ነው። ሳጥን ስትጨምሩ ለሁሉም ተጨመረ ማለት ነው።

አሁን ስክሪኑ ላይ እዩት። ይሄ ቁልፍ «መዝግብ» ይላል፣ ቢጫ ሆኗል። ጠቋሚውን ጽሑፉ ላይ አድርጌ ኦልትና ኢንተር እጫናለሁ። ዝርዝር ወጣ። «ኤክስትራክት ስትሪንግ ሪሶርስ» የሚለውን እመርጣለሁ። ስም ይጠይቀኛል፣ እሰጠዋለሁ። አለቀ። አምስት ሰከንድ። እኔን 19 ፋይል ከመገልበጥ ያድነኝ የነበረው ይሄ አምስት ሰከንድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቋንቋ ያልተጻፈበት ቫልዩስ ፎልደር ነባሪው ነው። የስልኩ ቋንቋ እናንተ ያላዘጋጃችሁት ከሆነ አንድሮይድ የሚመለሰው ወደዚያ ነው። ሁሉም መስመር እዚያ መኖር አለበት። አንዱን መስመር አማርኛው ፋይል ውስጥ ብቻ ጽፋችሁ ነባሪው ውስጥ ብትረሱት፣ እናንተ ስልክ ላይ አምሮ ይታያል፤ ስልኩ እንግሊዝኛ የሆነ ሰው ሲከፍተው ግን አፑ ይዘጋል።

ደግሞ ለሙከራ ብላችሁ የምትጽፉት ጽሑፍ አለ። የስም ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳያስጠላችሁ «ስም እዚህ ይመጣል» ትላላችሁ። ለዚህ ቱልስ የሚባለው አትሪቢዩት አለላችሁ። ጽሑፉ አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ይታያል፣ ደንበኛው ስልክ ላይ አይሄድም። እኔ ይሄን ከማወቄ በፊት ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር አፔ ደንበኛውን «ሰላም፣ ስም እዚህ ይመጣል» ይለው ነበር።

እስካሁን ያልኩት ቴክኒኩ ነው። ማኑዋል ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የመጣሁት ለሚቀጥለው ነው።

ጽሑፉን ሁሉ አውጥቼ አንድ ፋይል ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ፋይሉን አተምኩት። አምስት ገጽ ሆነ። መጀመሪያ ራሴ አነበብኩት። አፌ ምን እንደሚናገር ያኔ ነው የሰማሁት። «ዓይነት» አንድ ቦታ በዐይኑ «ዓ»፣ ሌላ ቦታ በአልፋው «አ»። «ስም» አንዱ ገጽ ላይ በእሳቱ «ስ»፣ ሌላው ላይ በንጉሡ «ሥ»። አንዱ ገጽ «አስገባ» ብሎ ያዛል፣ ቀጣዩ «እባክዎ ያስገቡ» ብሎ ይለምናል። 19 ፋይል ውስጥ ተበትኖ ሳለ አንዱም አልታየኝም። አንድ ላይ ሲሰለፍ ግን ያሳፍራል።

ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ሚዛኑ ጋ ሄድኩ። እዚያ ለብዙ ዓመት ቡና ሲመዝኑ የኖሩ እናት አሉ። ሁሉም «አዴ» ነው የሚላቸው። ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ያነባሉ። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።

«የቡና ፍሬ ዓይነት ምረጥ» የሚለውን አነበቡና ሳቁ። «ፍሬ ማን ይላል ልጄ? እሸት ነው ወይስ ጀንፈል ነው የሚባለው።» እሸት እርጥቡ ነው፣ ጀንፈል ከነልጡ የደረቀው። ሰረዙት። «ክብደት» የሚለውን ሰረዙና «ሚዛን» አሉ። «ዋጋ» ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። «የምኑ ዋጋ? የኪሎው ነው የፈረሱላው?» አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ዜሮ መሳት አይደለም፣ 17 እጥፍ መሳት ነው። እኔ «ዋጋ» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ልጆቹ ሳጥኑን ሲያዩ የሚገባቸው በልምድ ነበር። አዲስ ልጅ የገባ ቀን ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ከሁሉም የቆዩት ግን «ሰርዝ» ላይ ነው። አንድ መዝገብ ለማጥፋት ስትነኩ አፑ «መዝገቡ ይሰረዝ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሥር ሁለት ቁልፍ አለ። እንግሊዝኛው ላይ አንዱ ዲሊት፣ ሌላው ካንስል ነው። እኔ ሁለቱንም «ሰርዝ» ብዬ ተርጉሜአቸዋለሁ! በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ፋይል። አማርኛችን ለሁለቱም «ሰረዘ» ይላልና እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። አብረው ሲቆሙ ግን ግራና ቀኝ «ሰርዝ»፣ «ሰርዝ»። አዴ ወረቀቱን አስቀመጡና «አንዱን ‹አጥፋ›፣ አንዱን ‹ተወው› በለዋ» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ በምሠራው አፕ ሁሉ «አጥፋ» እና «ተወው» ነው የምጠቀመው።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ነጥብ። አዴ ይሄን ሁሉ ያውቁ ነበር። ቃሎቼ ሌይአውት ውስጥ ተቀብረው ሳለ ግን ሊነግሩኝ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ኤክስኤምኤል ከፍተህ በሁለት መቶ መስመር መሃል «ፍሬ» የምትለዋን ፈልገህ አርማት ልትላቸው አትችልም። ቃሉን የሚያውቀው ሰው ኮዱን አይከፍትም። ስለዚህ ቃሉ ከኮዱ ወጥቶ እሳቸው ጋ መሄድ አለበት። ትርጉም ባይኖር እንኳ፣ አፑ በአንድ ቋንቋ ብቻ ቢሠራ እንኳ፣ እኔ ይሄን አደርገዋለሁ።

ስም አወጣጥ ላይ ትንሽ ልበል። ለመስመሩ ስም ስትሰጡ ቃሉን አትድገሙት፤ ቃሉ የሚቆምበትን ቦታና ሥራውን ጻፉ። እንግሊዝኛው «ኦፕን» ነው እንበል። ሱቁ ክፍት ነው ለማለትም «ኦፕን» ነው፣ ፋይሉን ክፈት ለማለትም «ኦፕን» ነው። «አንድ ቃል ሁለቴ ምን አደከመኝ» ብላችሁ አንዱን መስመር ለሁለቱ ብትጠቀሙበት፣ የሱቃችሁ በር ላይ «ክፈት» ይላል። ወይ ቁልፉ ላይ «ክፍት» ይላል። ሁለት መስመር አድርጉት። ከመስመሩ በላይም ለተርጓሚው አንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወሻ ጻፉለት፤ «ይህ ቁልፍ ነው፣ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሳል» ብላችሁ። ያ ባለመጻፉ ነው «ሆም» የሚለው «ቤት»፣ «ባክ» የሚለው «ጀርባ» ሆኖ የምናየው።

ቀጥሎ የሚመጣው የብዙ ጎበዝ ልጆች ስህተት ነው። ጽሑፉን አውጥተዋል፣ ግን ቆራርጠው ነው ያወጡት። እንግሊዝኛው «ፔይድ» ይልና ብሩ ይመጣል፣ ከዚያ «ቱ»፣ ከዚያ ስሙ። ኮዱ እነዚህን በመደመር ምልክት ይሰፋቸዋል። ተርጓሚው የሚደርሰው ሦስት ቁራጭ ነው፤ «ተከፍሏል»፣ «ብር»፣ «ለ»። ስክሪኑ ላይ ሲሰፋ «ተከፍሏል 500 ብር ለ ቶሎሳ» ይላል። ይሄ ቴሌግራም ነው። አፑን አይደለም የምላችሁ፣ ድሮ ፖስታ ቤት በቃል ተቆጥሮ የሚከፈልበትን።

ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አንድ መስመር አድርጉት። ስሙና ብሩ የሚገቡበት ቦታ ላይ ተራ ቁጥር ያለው ምልክት ይቀመጣል፤ ፐርሰንት፣ ቁጥር፣ ዶላር፣ ከዚያ የዓይነቱ ፊደል። ስላይዱ ላይ በቅንፍ ቀለል አድርጌዋለሁ፦ «ለ[1] [2] ብር ተከፍሏል»። ቁጥሩ ስላለ ተርጓሚው እንደ ቋንቋው ጠባይ ያገላብጠዋል። አማርኛ «ለ»ን ከስሙ ፊት ይለጥፋል። ኦሮምኛ ደግሞ ከስሙ ኋላ ነው የሚለጥፈው፤ ያውም ስሙ በምን ድምፅ እንደሚያልቅ እያየ ይለዋውጠዋል። ያንን በምልክት መያዝ አይቻልም። ጥሩ ተርጓሚ ምን ያደርጋል? ዓረፍተ ነገሩን ያዞረዋል። «ተቀባይ፦» ብሎ ስሙን፣ «ብር፦» ብሎ ቁጥሩን። ሙሉውን ከሰጣችሁት ማዞር ይችላል። ቁራጭ ከሰጣችሁት እጁ ታስሯል።

ቁጥር ካነሳን የኬሻውን ታሪክ ልንገራችሁ።

አንድሮይድ ለነጠላና ለብዙ ፕሉራልስ የሚባል አሠራር አለው። «ዋን» የሚል ረድፍ አለ፣ «አዘር» የሚል ረድፍ አለ። ሌሎች ቋንቋዎች ከዚያም በላይ አላቸው፤ ዐረብኛ ስድስት ረድፍ ይጠቀማል። እኔ «ዋን» የሚለው ላይ «አንድ ኬሻ» ብዬ በፊደል ጻፍኩ። «አዘር» ላይ ቁጥሩ ገብቶ «ኬሻዎች» አልኩ። ምን ስህተት አለው? ምንም አይመስልም።

አንድ ቀን ማታ የመጋዘኑ ልጅ ደወለ። ቡናው በሙሉ ተጭኖ ሄዷል፣ መጋዘኑ ባዶ ነው፣ አፑ ግን «አንድ ኬሻ» ይላል። ዘበኛው ተጠየቀ። ጫኞቹ ተጠየቁ። መቼም አንድ ኬሻ ቡና ቀልድ አይደለም። እኔ ዳታቤዙን ከፈትኩ፤ ዜሮ ይላል። ኮዱን አየሁ፤ ዜሮ ይላል። ስክሪኑ «አንድ» ይላል።

ነገሩ ምን ሆነ መሰላችሁ። የዓለም ቋንቋዎችን ፊደል ለኮምፒውተር የሚያደራጀው ዩኒኮድ የየቋንቋውን የቁጥር ሕግ የሚያስቀምጥበት ሰነድ አለ፤ አንድሮይድ የሚከተለው እሱን ነው። በዚያ ሕግ የአማርኛ «ዋን» አንድን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ዜሮንም ይይዛል። «ዜሮ ሰው መጣ» እንላለን እንጂ «ዜሮ ሰዎች መጡ» አንልም፤ ስታስቡት ልክ ነው። ኦሮምኛው ሕግ ላይ ግን «ዋን» አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው አፕ፣ ያው ባዶ መጋዘን፣ በኦሮምኛ ትክክል ይላል፣ በአማርኛ አንድ ኬሻ ከየትም ያመጣል። «ዋን» ማለት የረድፉ ስም ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም። እዚያም ረድፍ ላይ የቁጥሩን ምልክት አስገቡ፤ «አንድ» ብላችሁ በፊደል አትጻፉ። ዘበኛውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ኦሮምኛ ፋይል ስታዘጋጁ ደግሞ ሁድሃን አትርሱ። ቁቤ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፤ ያቺ ከላይ ጠብ የምትለው ምልክት። ለእኛ ፊደል ናት ማለት ይቻላል። ለአንድሮይድ ስትሪንግስ ፋይል ግን ልዩ ምልክት ናት። ፊቷ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ ስላሽ ካላደረጋችሁላት እንደ መገንቢያ መሣሪያችሁ ዕድሜ ወይ አፑ አልገነባም ይላል፣ ወይ ምልክቷ ድምፅ ሳታሰማ ትጠፋለች። የትኞቹ ቃላት ላይ እንዳለች ልብ በሉ። «ተመለስ» ለማለት ዴቢኢ፤ አለችበት። «አስቀምጥ» ለማለት ኦልካኢ፤ አለችበት። «ዛሬ» ለማለት ሃርአ፤ አለችበት። አንድ ተራ አፕ ውስጥ በየገጹ የምትጽፏቸው ሦስት ቃላት! እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ነገር እኛን በየመስመሩ ነው የሚገጥመን። ጎበጥ ያለችው ምልክት ስላሽ አትፈልግም። ቀጥ ያለችው ናት የምታስቸግረው። አንዱን ምረጡና ፋይሉን ሙሉ በእሱ ሂዱ።

ቁቤ አናባቢውንም ተነባቢውንም ስለሚደግም ቃሉ ይረዝማል። የቁልፉን ስፋት «መዝግብ» በሚለው ልክ ቆርጣችሁ ከሰፋችሁት ኦሮምኛው ጫፉ ይቆረጣል። ስፋቱን ለጽሑፉ ተዉለት። ይሄው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቁልፍ ላይ ‹አስገባ› ይባላል ወይስ ‹ያስገቡ›?» አለ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱ ኮድ አይደለም።

አማርኛ ሲያዝ ማንን እንደሚያዝ ሳያውቅ አያዝም። «አስገባ» ካልክ ወንድ ነው፣ «አስገቢ» ካልክ ሴት ናት፣ «ያስገቡ» ካልክ የምታከብረው ሰው ነው። እንግሊዝኛው ይሄን ሁሉ አይጠይቅም። አንድሮይድ ከ14ኛው ቅጂ ጀምሮ፣ 2023 ማለት ነው፣ ለወንድና ለሴት የተለያየ ስትሪንግ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ጥሩ ነው፤ ግን ተጠቃሚውን ቀድማችሁ መጠየቅ አለባችሁ፤ አሮጌ ስልክ ላይም አይሠራም። እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ዓረፍተ ነገር ላይ «ያስገቡ» እላለሁ። ቁልፍ ላይ ከቻልኩ ትእዛዙን ትቼ የሥራውን ስም እጽፋለሁ፤ «ምዝገባ»፣ «ክፍያ»፣ «ፍለጋ»። «አጥፋ» እና «ተወው» የአዴ ስለሆኑ አልነካቸውም። ኦሮምኛውም «ጋልቺ» እና «ጋልቻ» አለው፤ ለትልቅ ሰው ሁለተኛው ነው። የሰባ ዓመት አባት ስልክ ሲነኩ እንደ ልጅ ባይታዘዙ ደስ ይለኛል። ሌላው ቢቀር አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ። ለመጽናት ደግሞ ሁሉንም ባንድ ፋይል ማየት አለባችሁ፤ ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ።

የስልኩን ቋንቋ በተመለከተ። አንድሮይድ ስትሪንጉን የሚመርጠው በስልኩ ቋንቋ ነው አልን። እስቲ አሁን ስልኩ እንግሊዝኛ ላይ ያለ እጁን ያውጣ። ... አያችሁ። አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ስለምትመርጡ አይደለም፤ ስልኩ ከሱቅ ሲወጣ እንዲያ ስለነበረ ነው። ስለዚህ የስልኩን ቋንቋ ብቻ ብትከተሉ የደከማችሁበት አማርኛና ኦሮምኛ ማንም ሳያየው ይቀራል። ሰውየው አፑን መጀመሪያ ሲከፍት ጠይቁት፤ ሦስት ቁልፍ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ለእያንዳንዱ አፕ ቋንቋ መምረጥ ይቻላል። ለቆዩት ስልኮች አፕኮምፓት የሚባለው ላይብረሪ ያንኑ ይሠራላችኋል።

ወጥመዱ ፕሌይ ስቶር ላይ ነው። አፓችሁን ባንድል በሚባለው ጥቅል ስትልኩ ፕሌይ ስቶር ዳታ ለመቆጠብ ብሎ ስልኩ ላይ የተመረጠውን ቋንቋ ብቻ ለይቶ ያወርዳል። ስልኩ እንግሊዝኛ ከሆነ አማርኛችሁ አብሮ አይመጣም። ሰውየው «አማርኛ» የሚለውን ይነካል፣ ምንም አይቀየርም። እናንተ ላፕቶፕ ላይ በኬብል ስትሞክሩት ግን ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ በኬብል ሲጫን ሁሉም ስለሚገባ። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ አጥቻለሁ። የአፑ አገነባብ በሚጻፍበት ግሬድል ፋይል ውስጥ ባንድል በሚለው ሥር ቋንቋ እንዳይከፋፈል የሚያደርግ አንድ መስመር አለ፤ ጨምሩት። ጽሑፍ ቀላል ነገር ነው፣ የአፑን መጠን ያን ያህል አይጨምርም።

ሌላ ጥያቄ መጣ። «አሁን ያለኝ አፕ ውስጥ የቱ ሃርድኮድ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ሌይአውት ውስጥ ያለውን አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ ኢንስፔክት ኮድ የሚለው ሰብስቦ ይዘረዝርላችኋል። የሳጥኑን ፍንጭና ማየት ለማይችሉ ሰዎች ቶክባክ የሚያነበውን የምስል መግለጫም ይጨምራል፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኮትሊን በሚባለው ቋንቋ በምትጽፉት ኮድ ውስጥ ካለው ግን፣ በተለይ ቶስት ውስጥ (ከታች ብቅ ብላ የምትጠፋዋ መልእክት ናት)፣ የሚያመልጠው አለ። ለዚያ አንድ ዘዴ አለ። ነባሪው ፋይላችሁ እንግሊዝኛ ከሆነ የሙከራ ቅጂው ላይ ስዩዶሎካል የሚባለውን አብሩና ስልኩን «ኢንግሊሽ፣ ኤክስ ኤ» ወደሚለው ቋንቋ ቀይሩት። ከስትሪንግስ ፋይል የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ ፊደሉ ላይ ጭረት ተጨምሮበት፣ ረዝሞ፣ በቅንፍ ታጥሮ ይታያል። አስቀያሚ ነው። አስቀያሚ ያልሆነ ጽሑፍ ካያችሁ እሱ ነው ሃርድኮዱ። ከሰርቨር የሚመጣው የስህተት መልእክትም እንዲያው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሰርቨሩ ዓረፍተ ነገር አይላክ፤ የስህተቱን መለያ ይላክ፣ ዓረፍተ ነገሩን አፑ ከራሱ ፋይል ያውጣ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ከፊት ተቀምጣ የነበረች ልጅ ናት። ላፕቶፗ ላይ ኢንስፔክት ኮዱን እዚያው እያወራሁ አስሮጣዋለች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቢጫው ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። «ከየት ልጀምር?» አለች።

የትኛው ገጽ ላይ ነው ሰው ብዙ ጊዜ ደውሎ የሚጠይቅሽ አልኳት። ሳታስብ «ክፍያው» አለች። ክፈቺው አልኳት። ከፈተችው። ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ «እሺ» ይላል፣ ሌላው «ሰርዝ» ይላል። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ጠቋሚዋን «ሰርዝ» ላይ አድርጋ ኦልትና ኢንተር ተጫነች። ስም የሚጠይቀው ሳጥን ወጣ።

«ቆይ፣ ይሄ ቁልፍ ግን ክፍያውን ነው የሚያስቀረው ወይስ ትዕዛዙን በሙሉ?» አለች፤ ለራሷ ነው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና አፑን ላሠራት ሰው ደወለች።